የየራሳቸውን የያዙ ዕለት

ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሴቶቹ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት በግማሽ ክብ ይቆማሉ፤ ጦርነት የበላባቸውን ሰው ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። የራሷን የምትይዝ ግን የለችም። መጀመሪያ የየራሳቸውን ይይዙ ነበር። የአንዷ ልጅ ከወዲህ፣ የሌላዋ ከወዲያ ተሰልፎ ተዋግቷልና በሦስተኛው ሳምንት «የኔን የበላው ያንቺው ነው» ተባብለው ጸጉር ለጸጉር ሊያያዙ ምንም አልቀራቸውም። ጡረተኛዋ አስተማሪ ፎቶዎቹን ሰብስባ እንደ ካርታ በወዘችና አደለቻቸው።

«በሉ አሁን ተሰዳደቡ!»

ደረቷ ላይ ያዋለችውን ልጅ ማን ትሰድባለች? «እኛ» ማለት የጀመሩት ያን ቀን ነው።

የልብስ ሰፊዋ ወንድም ለአስተማሪዋ ደረሰ። የእሱ ያለችው ፎቶ ያቺ ብቻ ነበረች፤ ፎቶዋም ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋር አስተማሪዋ ሳጥን ውስጥ ተቆልፋ ትሰነብታለች። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ተመኘች፦ አንዴ እንኳ እኔው ልያዘው።

ዛሬ አስተማሪዋን ጉንፋን ጣላት፤ ሳጥኑን ልካ ቤቷ ቀረች።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ዳቦ ጋጋሪዋ አፈጠጠችባት። «እትዬ ብትሰማ በጠመኔ ነው የምትልሽ። ደግሞስ አንቺ የምትይዢውን የኔን ልጅ ማን ሊይዝልኝ ነው?»

«ናፈቀኝ፣ ምን ላድርግ?»

«እኛ ታዲያ ለሽርሽር ነው የምንመጣው? እንዲያ ከሆነ የኔንም ወዲህ በይው!»

ዳቦ ጋጋሪዋ ልጇን ስትነጥቅ ያየችው ጎረቤቷም የራሷን ጠየቀች። በአምስት ደቂቃ እያንዳንዷ የራሷን ይዛ ቆመች። አንዷ ከሌላዋ ፈንጠር፣ አቀርቅራ።

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ደስ አላት፤ ትንሽ። ከዚያ እንደ ልማዷ ቀና ብላ ወደ ክቡ ማዶ፣ አስተማሪዋ ወደምትቆምበት አየች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሟ ከዚያ ሆኖ ያያት ነበር፤ የሸሚዙ ኮሌታ እንደተጣመመ። አሁን እዚያ ባዶ አስፋልት ነው። የወንድሟ ፊት ወደ መንገዱ ነው፤ እሷ የምታየው ፎቶው የተለጠፈበትን ካርቶን ጀርባ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያየው ለእሷ ብቻ ጠፋ።

ግማሽ ሰዓት ቻለች። ከዚያ ክቡን አቋርጣ ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ ሄዳ አንሾካሾከች።

«እንቀያየር።»

«ምነው፣ ከበደሽ?»

«አይታየኝም።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ልጇን ሰጥታ የልብስ ሰፊዋን ወንድም ተቀበለቻት። ልብስ ሰፊዋ ቦታዋ ተመልሳ የሰውን ልጅ ደረቷ ላይ አደረገች፤ ወደ ማዶም አየች።

ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። እሷ ግን አልቻለችም።

«ወንድሜን ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ!»