ያስሾምነው ዳኛ

ወይዘሮ ተሻለች ባቡር አዳማ ከገባ ጀምሮ ገበያው ላይ ቅቤ ትሸጣለች። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች፣ ከሰው ጋር ስትከራከር ገበያው ሁሉ ሥራውን ትቶ የሚሰማት ሴት ናት። አስፋውን የገበያ ዳኛ ያስደረጉትም እሷና ሁለት ጓደኞቿ ናቸው፤ አንዱ ጨው ነጋዴው ራህመቶ፣ ሌላው ከከተማው ዳር የሚያርሰው ወዬሳ።

ከአስፋው በፊት የነበረው ዳኛ ከሩቅ የመጣ ሰው ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከገበያተኛው መካከል ጉልበት ያለውን እየመረጠ ለሚያሠራው ቤት ድንጋይ ያሸክማል። አንድ ቀን ቆዳ ነጋዴውን አስፋውን ተሸከም ቢለው አስፋው “ዳኛ ነህ ወይስ ግንበኛ?” ብሎ መለሰለት። ዳኛው በገበያው መካከል አስተኝቶ አስገረፈው። አስፋው ግን ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ቆዳው ዘንድ ተመልሶ ተቀመጠ።

በዚያች ቀን ተሻለች “ዳኛችን ይህ ሰው ነው” አለች።

ሦስቱ ሕዝቡን አስተባብረው በባቡር አዲስ አበባ ወጡ። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ ቆመው ደጅ ጠኑ። ጠዋት “አቤት!” ከሰዓት “አቤት!” ሲሉ ከረሙ። መስከረም ሲጠባ የድሮው ዳኛ ተሻረና አስፋው ተሾመ። ከባቡር ሲወርድ አማርኛውም ኦሮምኛውም ተደበላልቆ ጣቢያው በእልልታ ተናጋ። ተሻለች ሦስት ቀን ድምጿ ተዘግቶ ቅቤዋን በጣቷ እያመለከተች ሸጠች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል።

በ1921 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ የወዬሳ በሬ ጉድጓድ ገብቶ ሞተ። ጉድጓዱን ያስቆፈረው አስፋው ነው። ከተማው ውኃ የሚያመጣው ከሩቅ በአህያ ስለሆነ ገበያው አጠገብ ውኃ አወጣለሁ ብሎ ጀመረ፤ ቆፋሪዎቹ ዐለት ሲገጥማቸው ጥለው ሄዱ። “ነገ ይከደናል” እንደተባለ አምስት ወር አፉን ከፍቶ ተቀመጠ። ወዬሳ ያለው አንድ ጥማድ ነው። አንዱ በሬ ሲሞት ሌላው ብቻውን አያርስም፤ ዝናቡ ደግሞ መጥቷል።

ወዬሳ ወደ አስፋው ደጅ ሄደ። በረኛው “ምሳ ላይ ናቸው” አለው። በማግስቱ “ጸሎት ላይ ናቸው” አለው። በሦስተኛው ቀን ወደ ሞጆ ሄደዋል ተባለ። በአራተኛው ቀን ግን መልስ መጣ።

“ነገሩን ሰምተውታል፤ እያሰቡበት ነው።”

“ምኑን ነው የሚያስቡት?” አለ ወዬሳ። “በሬው ሞቷል እኮ፤ አልታመመም!”

ዘጠኝ ቀን ተመላለሰ። በዘጠነኛው ቀን ገበያ መጥቶ ተሻለች ፊት ቆመ። “ያንቺ ሰው አላስገባ አለኝ” አላት።

“የእኔ ብቻ ነው እንዴ? አንተስ አብረኸኝ ጭቃ ላይ አልቆምክም?”

“ቆሜያለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው።”

ተሻለች ቅቤዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ሄደች። በረኛው አፉን ሳይከፍት ገፍታው ገባች። ግቢው ውስጥ ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው ይመላለሳሉ። ገበያ ላይ የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሽንኩርት የሚሸጠው ሆራ ሲያያት አንገቱን ደፋ። አስፋው ካባ ደርቦ ከጥላ ሥር ተቀምጧል።

“አስፋው፣ ይህ ምንድን ነው?”

“እርስዎ በይ!” አለ በረኛው ከኋላዋ።

“አንተ ዝም በል። ሲገረፍ ጀርባውን በቅቤ ያሸሁት እኔ ነኝ። አስፋው፣ ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?”

“ለከተማው ነው” አለ አስፋው ረጋ ብሎ። “ዳኛ የሚቀመጥበት ግቢ አጥር ከሌለው ዳኝነቱን ማን ያከብራል? ያ ሰውዬ ለራሱ ነበር የሚያሠራው። እኔ ለናንተ ነው።”

“የወዬሳን ነገርስ ለምን አትሰማም?”

“እንዴት ልስማ? ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ተከሳሹ እኔ ነኝ። በራሴ ላይ ልፍረድ?”

“ሌላ ዳኛ ይየዋ!”

“አዳማ ላይ ሌላ ዳኛ የለም።”

አስፋው ድምጹን ዝቅ አደረገ።

“ስሚኝ ተሻለች። ያ ሰውዬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ወንበሩን ይጠብቃል። እናንተ እኔን ከሰሳችሁ ማለት በሩን ከፈታችሁለት ማለት ነው። እሱ ይሻልሻል?”

ተሻለች ወጣች። መንገድ ላይ የከነከናት ንግግሩ ውሸት መሆኑ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያው ባጉረመረመ ቁጥር “ያ ሰውዬ ይሻላችኋል?” እያለች ሰውን ዝም የምታሰኘው እሷው ራሷ ነበረች። ሆራ አንድ ጊዜ ስለ ድንጋዩ ሊነግራት ሲጀምር ገና ከአፉ ነጥቃ ይህንኑ ነው የመለሰችለት።

በማግስቱ ሦስቱ ራህመቶ ሱቅ ተገናኙ። ራህመቶ ነገር የሚፈራ ሰው ነው። “ትንሽ እንታገሥ” አለ። “ስንት ደክመን ያመጣነውን ሰው በገዛ እጃችን ብናወርደው ሰው ምን ይለናል? ይስቁብናል።”

“ይሳቁ!” አለች ተሻለች። “ያኛው ዳኛ ድንጋይ ሲያሸክም ጠላት ነው ብለን ጮኽን። የኛው ሲያሸክም ምን እንበል? ድንጋዩ ቀለለ?”

ራህመቶ ጢሙን እያሻሸ “ቅዳሜ በበቅሎ በገበያው ያልፋል፤ እዚያ ማስቆም ይቻላል” አለ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አስፋው በበቅሎ ሆኖ፣ በረኛውን አስከትሎ ገበያው መካከል ደረሰ። ወዬሳ ከእህል ተራው ወጥቶ ፊቱ ቆመ።

“በንጉሥ አምላክ! እንዳትነቃነቅ!”

ገበያው ጸጥ አለ። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ዳኛም ይሁን ድኃ አልፎ መሄድ አይችልም። በረኛው ዱላውን አነሣ፤ ተሻለች መካከል ገባች።

“ሕግ አፍራሽ መሆን የሚፈልግ ይምታ!” ብላ ጮኸች። ዱላው ወረደ።

አስፋው ከበቅሎው ወረደ። ወዬሳ የጋቢውን ጫፍ ከአስፋው ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠረው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርድ እስኪያገኙ ሁለቱ ቁራኛ ናቸው፤ አንዱ ያለ አንዱ እርምጃ አይራመድም።

“የሚፈርድልህ ማን ነው?” አለ አስፋው።

“የመንገድ ዳኛ፤ የተገኘ አላፊ አግዳሚ ይፈርዳል” አለች ተሻለች። ከመቂ ማር ጭነው የመጡ ሽማግሌ ባዶ አህዮቻቸውን እየነዱ ሊመለሱ ሲሉ አየቻቸው። ሁንዴ ይባላሉ። “ኦቦ ሁንዴ፣ በንጉሥ አምላክ ይፍረዱልን!”

“እኔ ቤቴ ሩቅ ነው” አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። “ይህን ያህል ሕዝብ ባለበት ከተማ እኔን ነው ያገኛችሁት?” ግን እምቢ ማለት እንደማይቻል ያውቁታል። ከግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወዬሳ የበሬውን ነገር ተናገረ፤ እንባው ሲመጣ በእጁ ይጠርግና ይቀጥላል። ሽማግሌው ወደ አስፋው ዞሩ።

“ጉድጓዱ ክፍት መሆኑን ታውቅ ነበር?”

“በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ” አለ አስፋው።

“መክደኛ የሚሆን ነገር አጥተህ ነው?”

ከሕዝቡ መካከል ሆራ “ስንት ድንጋይ ተሸክመንለታል!” ብሎ ጮኸ።

“እንግዲያው በሬውን በበሬ ተካ። ጉድጓዱንም በአጥርህ ድንጋይ ዝጋ” አሉ ሽማግሌው። “አሁን ልሂድበት።”

“ይግባኝ!” አለ አስፋው።

ይግባኝ የማንም መብት ነው። ሰኞ ዕለት አስፋውና ወዬሳ እንደተቆራኙ፣ ተሻለችና ራህመቶ ለምስክርነት፣ አራቱም አዲስ አበባ ወጡ። በችሎቱ በር ላይ ያለው አጋፋሪ ወዲያው አወቃቸው።

“እናንተ ያን ጊዜ ‘ይሾምልን’ ያላችሁት አይደላችሁም?”

“ነን” አለች ተሻለች።

“አሁንስ?”

“አሁን ይሻርልን።”

አጋፋሪው ራሱን ነቀነቀ። “ተሰለፉ።”

አሥራ አንድ ቀን ተሰለፉ። አስፋውና ወዬሳ በአንድ ቋጠሮ አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፤ ዝናብ ሲመጣ በአስፋው ካባ ለሁለት ተጠለሉ። በስድስተኛው ቀን አስፋው “በሬውን እሰጥሃለሁ፤ ፍታኝ” አለው። ወዬሳ ተሻለችን አየ። እሷም “በሬው ያንተ ነው፤ ከፈለግህ ፍታው። ድንጋዩ ግን የሁላችን ነው” አለችው። ወዬሳ ብዙ አሰበ። አልፈታውም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ችሎቱ የሽማግሌውን ፍርድ አጸና፤ አስፋውን ሻረ። የችሎቱ ሹም “ማንን ትፈልጋላችሁ?” አሏቸው። የድሮው ዳኛ ከበሩ አጠገብ ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል። ተሻለች አየችውና ሳታስበው “ራህመቶ!” አለች።

“እኔ?” አለ ራህመቶ ደንግጦ። “ተይ እንጂ!”

“በግቢ ሳይሆን ገበያው ላይ፣ ሰው እያየው ይቀመጥ። በየዓመቱም እንጠይቀዋለን።”

ሹሙ “ይሁን” ብለው የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠሩ።

ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ አስፋው ከተሻለች ፊት ለፊት ተቀመጠ።

“የድሮው ሰውዬ የሠራውን እንደማልሠራ ምዬ ነበር” አላት ቢሾፍቱን ሲያልፉ። “መቼ እንደጀመርኩት አላውቅም። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?”

ተሻለች ተቆጥታ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከዚያ የሆራ አንገት መድፋት ትዝ አላትና ተወችው። “አጥፍቻለሁ” አለች።

አስፋው ለወዬሳ ዳለቻ በሬ ሰጠው፣ ጉድጓዱንም በአጥሩ ድንጋይ ዘጋ፤ መሬቱ ዘግይቶ ቢሆንም ለጤፍ ደረሰ። አስፋው ወደ ቆዳው ተመለሰ። ከተሻለች ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ አያልፍም። ራህመቶ ከግራሩ ሥር ይፈርዳል፤ ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም ሲል አንድን ነገር ሦስት ቅዳሜ ያጓትታል። ተሻለች ቅቤዋን ትታ ፊቱ ትቆማለች።

“ራህመቶ፣ ዛሬ ቁረጠው!”

“እሺ፣ ቆይ፣ ልስማ!” ይላታል ተማርሮ። አትሄድም፤ እስኪቆርጠው እዚያው ትቆማለች።