የንግሥቲቱ ዘውድ በቤላርሚኖ ራስ ላይ

ኦዲሊያ ወተቷን አስረክባ ስትመለስ ጎረቤቷ እትዬ ሉዶቪና መሰላል ላይ ወጥተው የቤቷን ግድግዳ ኖራ ሲቀቡ አገኘቻቸው። ግማሹን ጨርሰዋል። ባዶውን ቢዶን ከአህያዋ ሳታወርድ ትንሽ ቆማ አየቻቸው።

“እትዬ ሉዶቪና፣ ቤት ተሳስተዋል መሰለኝ” አለች ቀስ ብላ።

“የተዳርኩበትን መንደር አንቺ ልታሳዪኝ ነው?”

“አይደለም፤ እኔ እኮ ኖራ የሚቀባልኝ ሰው አልጠራሁም።”

እትዬ ሉዶቪና ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ወረወሩት። “እንግዲህ ኩራት ጀመረሽ። ዘውድ የሚገባበት ቤት እንዲህ ሻግቶ አይቆይም። አልፈልግም ካልሽ ለማኅበሩ ሰዎች ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ እኔ አፌን አላበላሽም።”

“የምን ዘውድ?”

እትዬ ሉዶቪና ከመሰላሉ ላይ አዘቅዝቀው ፊቷን አዩ። “አንቺ ልጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዕጣ ሲወጣ የት ነበርሽ?”

“ላሟ አሟት ነበር።”

“ርችቱስ ሲተኮስ?”

“የሰርግ መስሎኝ።”

“የሰርግ! የእናንተ ዕጣ ወጥቶ መንደሩ ሁሉ ሲያወራ፣ ባለ ዕጣዋ ሰርግ መስሏት ላም ታክማለች” አሉና መሰላሉ ላይ ሆነው ይስቁ ጀመር።

ኦዲሊያ የአህያዋን ገመድ ለቀቀችው። አህያዋ ብቻዋን ወደ ጋጣዋ ሄደች።

በተርሴይራ ደሴት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ለመንፈስ ቅዱስ ክብር አንድ የብር ዘውድ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የማኅበሩ ዕጣ የወጣለት ሳምንቱን ሙሉ ዘውዱን ቤቱ ያስቀምጣል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ሰው ዘውዱን ይደፋል፤ ከዚያ የዚያ ቤት በር ሾርባ ሊበላ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚል የለም። የጥንቷ ንግሥት ኢዛቤል ያስጀመረችው ነው ይባላል።

የኦዲሊያ አባት ቤላርሚኖ ይህን ዕጣ ሲጠብቅ ነው የኖረው። በትልቁ የምድር መናወጥ ጊዜ ቤታቸው ሲፈርስ ኦዲሊያ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች፤ ከድንጋዩ ሥር ለቅሶዋ ይሰማል፣ እሷ ግን አትታይም። ያኔ ቤላርሚኖ ተሳለ። ልጄ በሕይወት ከወጣች የንግሥቲቱን ዘውድ በራሴ ደፍቼ፣ የመጀመሪያውን ሳህን ሾርባ በገዛ እጄ ለእንግዳ አቀርባለሁ አለ። ልጅቱ ወጣች። ዕጣው ግን በየዓመቱ እሱን እየዘለለ ሌላ ቤት ይገባል። ባለፈው ክረምት ደም ግፊት ጥሎት ቀኝ ጎኑ ደነዘዘ፤ ራሱም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪሙ ሌላ ክረምት ስለመድረሱ ሲጠየቅ ወሬውን ወደ ሌላ ነገር ነበር የወሰደው።

ኦዲሊያ እየሮጠች ገባች። ሮጣ ስትገባ አይቷት ስለማያውቅ ቤላርሚኖ ደነገጠ።

“አባባ፣ የኛ ወጣ።”

 ቤላርሚኖ በሚታዘዝለት የአፉ ጎን ፈገግ አለና፣ “ፀጉሬን እጠቢኝ” አላት።

ሳምንቱ እንዴት እንደሮጠ ኦዲሊያ አላወቀችም። ዘውዱ በከበሮና በቀይ ባንዲራ ታጅቦ መጣ። ሰዎች አልጋዋን አውጥተው በቦታው መንበር ሠሩ፤ ሴቶቹ በወረቀት አበባ አለበሱት። ከየቤቱ የሸክላ ድስት መጣ፤ ማኅበርተኞቹ የድርሻቸውን ሥጋና ወይን አመጡ፤ ጣፋጩ ዳቦ ከምድጃ እየወጣ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደረደረ። ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ ይጸልያል፣ ይዘፍናል፣ ሰው እያነሳ ሐሜት ያወራል። ሰው ሲበዛ ማድቤት የምትደበቀው ኦዲሊያ አሁን ማድቤቱም በሰው ስለሞላ የምትደበቅበት አጣች።

ሐሙስ ከሰዓት ዘውዱን በኃላፊነት የሚጠብቁት የማኅበሩ ሙሴ፣ ጋሽ ኤቫሪስቶ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ቤላርሚኖን በአክብሮት ጨበጡትና ወደ ኦዲሊያ ዞሩ።

“ልጄ፣ ዘውዱን የሚደፋ አንድ ልጅ ብንፈልግስ? እንደ ሌላው ዓመት። አትቀየሚኝ። ይህ ዘውድ ከአያቶቻችን ጀምሮ መሬት ነክቶ አያውቅም። የአባትሽ ራስ ደግሞ… ታያለሽ።”

 ቤላርሚኖ መስኮቱን ተመለከተ። ኦዲሊያ “እሺ” ልትል ምንም አልቀራትም። አንገቷን ደፍታ ማድቤት ገባችና ናና መቀንጠስ ያዘች።

እትዬ ሉዶቪና ተከትለዋት ገቡ። “ከድንጋይ ሥር ሆነሽ መንደር የሚሰማው ጩኸት ነበረሽ። የት አደረግሽው?”

ኦዲሊያ ናናውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተመልሳ ወጣች። 

“ጋሽ ኤቫሪስቶ፣ በየዓመቱ የንግሥቲቱን ታሪክ ለልጆች የሚነግሩት እርስዎ ነዎት። እኔም ከእርስዎ ነው የሰማሁት።”

“አዎ፣ ልክ ነው።”

“ለድሆች ዳቦ ስታድል፣ ለበሽተኞች ቤት ስትሠራ፣ ባሏ ንጉሥ ዲኒስና ልጇ ጦር ሲማዘዙ በበቅሎ መሀላቸው ገብታ ስታስታርቅ። ሰላም ከወረደ ዘውዴን ለመንፈስ ቅዱስ እሰጣለሁ ብላ መሳሏንም ነግረውናል። ከዚያስ ምን አደረገች?”

“አንድ ድሃ አስጠርታ ዘውዷን ራሱ ላይ ደፋችለት። የገዛ ዘውዷን” አሉ ጋሽ ኤቫሪስቶ፤ ይህን ሲናገሩ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

“ያ ድሃ ጤነኛ ነበር?”

ጋሽ ኤቫሪስቶ ግንባራቸውን አከክ አደረጉ። “እሱ አይነገርም።”

“ንግሥቲቱ መጀመሪያ ራስህ ይንቀጠቀጣል ወይ ብላ ጠይቃዋለች?”

ከበሩ በኩል አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ጋሽ ኤቫሪስቶ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩት። “ቢወድቅስ? መሬት ቢነካስ?”

“እኔ… እቀድመዋለሁ” አለ ቤላርሚኖ ከወንበሩ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ኤቫሪስቶም ሳይወዱ ሳቁ። እትዬ ሉዶቪና ሽርጣቸውን ፈትተው እንደ ገመድ ጠመዘዙት፤ ከዚያ እንደ ቀለበት ጠቀለሉት፤ ሴቶች የዳቦ ቅርጫት በራሳቸው ሲሸከሙ ከሥር የሚያደርጉት ዓይነት። ቤላርሚኖ ራስ ላይ አስቀመጡትና የውሃ ማሰሮ ደርበው ሞከሩት። ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ማሰሮው ግን ቦታውን አልለቀቀም።

“በወጣትነቴ ቅርጫቱን በዚህ ላይ ተሸክሜ ነበር ዳገቱን በሩጫ የምወጣው” አሉ እትዬ ሉዶቪና። “ወንዶች ግን አንድ ዘውድ መሸከም አቅቷችሁ ስብሰባ ትቀመጣላችሁ።”

ጋሽ ኤቫሪስቶ ማሰሮውን ለረጅም ጊዜ አዩት። “እሺ” አሉ በመጨረሻ። “ግን ከጎኑ አልለይም።”

እሑድ ቤላርሚኖን በበሬ ጋሪ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። በአራቱ ማዕዘን አራት ሰዎች ረጃጅም ቀይ ዘንጎች ይዘው ያጅቡታል፤ ከኋላ የሙዚቃ ጓዱ ጥሩምባውን ይነፋል። ቄሱ ዘውዱን በተጠቀለለው ሽርጥ ላይ ደፉለት። የአባቷ ራስ ተንቀጠቀጠ፤ ከዘውዱ አናት ያለችው ትንሽ የብር ርግብም አብራ ተንቀጠቀጠች፤ አሁን የምትበር ትመስል ነበር። ዘውዱ ግን ጸና።

ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ርችት ተተኮሰ። በሬው ደንብሮ ጋሪውን ወደ ጎን ሳበው። ሕዝቡ በአንድ ላይ “ወይኔ” አለ። ጋሽ ኤቫሪስቶ ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው ከጋሪው ጎን ይሮጡ ጀመር፤ ዓይናቸው ከዘውዱ ስላልተነቀለ መንገዱ ላይ ያቆረ አንድም ውሃ ሳይረግጡ አላለፉም። በሬው ሲረጋ ዘውዱ ትንሽ ዘመም ብሎ በአንድ ቅንድብ ላይ ተቀምጧል። ቤላርሚኖ እንደ ልጅ ይስቃል።

በኖራ የነጣው ቤታቸው ደረሱ። ኦዲሊያ ዳቦና ናና ያለበትን ሳህን ከድስቱ ትኩስ መረቅ ሞልታ በአባቷ ግራ እጅ ላይ አስያዘችው፤ የራሷን እጅ ከሥር አደረገች። ቤላርሚኖ ልቀቂኝ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። እጇን አነሳች።

የመጀመሪያው እንግዳ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑት ጋሽ ኤቫሪስቶ ነበሩ። ሳህኑ እየተንቀጠቀጠ ጠረጴዛውን አቋርጦ ሄደ። ግማሹ ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ደረሰ።

“ብላ” አለ ቤላርሚኖ።

ጋሽ ኤቫሪስቶ በሉ። ከዚያ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ገባ፤ ሳይመሽ ድስቶቹ ባዶ ሆኑ፣ ዘውዱም በከበሮና በቀይ ባንዲራ ታጅቦ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ሄደ።