የጉራቻ መንጋጋ

በ1971 ዓ.ም. ክረምት ሄርማታ በሚባል ሰፈር ውስጥ ያበደ ውሻ ሦስት ሰው ነከሰ። ቀበሌውም ለሀጩ የሚዝረከረክ ውሻ ሁሉ ባለበት እንዲገደል አዘዘ።

ልብስ ሰፊዋ ፈድሊያ ዓይነ ስውር ድመትና ጉራቻ የሚባል ውሻ ነበሯት። ሁለቱንም ከመንገድ አንስታ ነው ያስጠጋቻቸው። ጉራቻ መኪና ገጭቶት መንጋጋው ስለተሰበረ አፉ አይገጥምም፤ ቀኑን ሙሉ ለሀጩ ይንጠባጠባል።

አንድ ጠዋት አብዮት ጠባቂው ቱሉ ጠመንጃውን ይዞ ግቢዋ ገባ።

«አዴ ፈድሊያ፣ ዞር ይበሉ። ጎረቤት ጠቁሟል።»

«ወላሂ አላበደም ልጄ። መንጋጋው ተሰብሮ ነው።»

«ለሀጩ እየታየኝ?» አለና ጠመንጃውን አቀባበለ።

ፈድሊያ ልመናውን ተወችው። የቀጠነ ገንፎ አምጥታ ውሻው ፊት ተንበረከከች፤ በጣቶቿ እየዛቀች እስከ ጉሮሮው ድረስ አስገባችለት። ጉራቻ ዋጠ። ደግማ አስገባች። የቱሉ ጣት ምላጩ ላይ ነበር። ከዚያ ውኃ አቀረበችለት። ግማሹ መሬት ቢፈስም ጉራቻ እየላሰ ጠጣ።

ቱሉ አፈሙዙን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ።

«ያበደ ውሻ ውኃ ይፈራል» አለ። «አስር ቀን አስረው ያቆዩት። ከታመመ ግን እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

ቱሉ እንደሄደ በሩን ቀረቀረችና የውሻ ለሀጭ ሲነካ ሃይማኖቷ እንደሚያዘው እጇን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር አጠበች።

አስሩ ቀን አለፈ፤ ጉራቻም አልታመመ፣ ቱሉም አልተመለሰ። ፈድሊያ ግን ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ ውሻውን ጓዳ ታስገባ ነበር።