ሱፍ ወይስ ሥጋ

መንገድ ላይ የሴት እግር ከቁርጭምጭሚት በላይ ከታየ ነውር ነው፤ መድረክ ላይ ደግሞ ከጉልበት በላይ ካልታየ ቲኬት የሚገዛ የለም። የለንደን ጨዋነት እንዲህ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። የእኔ ሥራ ሌስተር አደባባይ አጠገብ ባለ ቴያትር ቤት የባሌት ተወዛዋዦችን ማልበስ ነበር።

በእናቴ ጊዜ ባሌት ማለት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ነጭ የሻሽ ቀሚስ ነበር። ከዚያ ቀሚሱ በየዓመቱ አጠረ፤ ጋዜጦች በየዓመቱ ተቆጡ፤ አዳራሹም በየዓመቱ ሞላ። የመንገዱ ፋሽን ደግሞ ተከትሎን መድረክ ላይ ይወጣል። እመቤቶች ቀሚሳቸውን በብረት ቀለበት ሲነፉ የእኛም መላእክት ተነፉ። እመቤቶች ከወገባቸው በታች፣ ከኋላ፣ ትራስ ማሰር ሲጀምሩ የእኛዋም የግብጽ ንግሥት ትራሷን አሰረች። ፈርዖን ቢያያት ምን ይል እንደነበር እንጃ።

የወንዶቹንም ቦታ የሚይዙት ሴቶች ናቸው። ተመልካቹ ታይት የለበሰ ወንድ ሲወዛወዝ ማየት አይፈልግማ። ስለዚህ የንግሥቲቱ ወታደርም፣ እልፍኝ አሽከርም ልጃገረድ ነው፤ ከላይ፣ ወገብ በሚያንቅ ኮርሴት ላይ የተደረበ አጭር ኮት፣ ከታች የሐር ታይት ብቻ። እግር ያላት የፊት ረድፍ ትቆማለች፤ እግር የሌላት እኔ ዘንድ ትመጣለች። ከታይቱ ሥር ለስላሳ ሱፍ እየደለደልኩ ለስንቱ ቀጭን ባት ሠርቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ታዲያ አንዷ ወታደር ስትሽከረከር ሱፏ ከባቷ ዞሮ ቅልጥሟ ላይ ጉብ አለ። ከላይ ሰገነቱ ላይ የተቀመጡት "እግሯ አረገዘ!" እያሉ አውካኩ። በማግስቱ ጋዜጣውም አልማረንም። ከዚያ ወዲያ የውዝዋዜ መምህራችን ሲኞር ባልዳሳሬ፣ ሚላን ተወልዶ እዚህ ያረጀ ሰው፣ የፊት ረድፍ የምትቆም ሁሉ በስፒል ትፈተን አለ። ባቷን ይወጋታል፤ ከጮኸች ሥጋ ነው፣ ዝም ካለች ሱፍ ነው። ታይቱን አስወልቆ ማየት አይቀልም ወይ የሚል ሞኝ አይጠፋም። ሲኞር የልጃገረድ ባዶ እግር አየ ከተባለማ ቴያትር ቤቱ ይዘጋል። በታይት የተሸፈነውን ግን ሺህ ሰው ቢያየው ግድ የለም።

በዚያው ሰሞን ሥራ አስኪያጁ የኋላውን ረድፍ ሊበትነው መሆኑ ተሰማ። ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው ኬዚያ ታል የምትባለውን ልጅ ነበር። ከልጅነቷ ጀምራ፣ ፊት ቦታ እስኪለቀቅ እየጠበቀች፣ የኋላው ረድፍ ላይ ነበረች። ወደ ፊት ካልተሻገረች የሚጠብቃት ቴምዝን ተሻግሮ ያለው የአክስቷ ልብስ አጠባ ቤት ነው፤ ታላቅ እህቷን በእንፋሎት ሳንባዋን ጨርሶ ያስቀበረው ያ ቤት ነው። ኬዚያ ወደዚያ ከምሄድ ሞቴን እመርጣለሁ ትል ነበር፤ ቀልዷን አልነበረም።

እግሯ ደግሞ የእግዜር ሥራ ነው። ስንት ዓመት ሳለብሳት አንዲት ክር ሱፍ ጨምሬላት አላውቅም። ያደገችው ከዘራ ከእጇ በማይለያት በአንዲት አሮጊት ፈረንሳዊት የውዝዋዜ አስተማሪ እጅ ነው። እዚያ ቤት "ውይ" ያለች ልጅ ውዝዋዜውን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሰው የከፈለው ፈገግታሽን ሊያይ ነው፣ ሕመምሽን ቤትሽ ውሰጂው ትል ነበር አሉ አሮጊቷ።

የፈተናው ቀን ልጆቹ ተሰለፉ። ከኬዚያ በፊት የቆመችው ፍሎሲ ዳብኒ ነበረች፤ ደግ ልጅ፣ እንደ ክብሪት የቀጠነች። የፍሎሲን ባቶች የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ አሳምሬም ነበር የሠራኋቸው። ሲኞር ሲወጋት ዓይኗን በጨው አጥባ "ውይ፣ እናቴን!" አለች። አለፈች። ወደ ኬዚያ መጣ። ስፒሉ ገባ፤ ኬዚያ ፈገግ አለች። ገፋ አደረገው፤ የባሰውን ፈገግ አለች።

"ሱፍ!" አለ ሲኞር። ልጆቹ ሳቁ። ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም ማለት ይኸው ነው።

ክፍሌ ወስጄ ታይቷን ሳወልቅላት ደሙ ተረከዟ ድረስ ወርዷል። ተናደድኩ።

"አፍ የለሽም?" አልኳት።

"አለኝ እንጂ እትዬ። ሲያመኝ ግን ራሱ ይስቃል፤ እኔ አላዘውም።"

ደም የነካውን ታይት ይዤ ሲኞር ዘንድ ሄድኩ። አልባሾች መቼም ቀይ ቀለም አያጡም አለኝ። ከዚያ ሱፍ እንዴት እንደሚደለደል ያስረዳኝ ጀመር፤ ለቀባሪው አረዱት። ቃሌ ዋጋ አልነበረውም፤ የቤቱን ሱፍ ሁሉ የምሰፋው እኔ መሆኔን ማን ያጣዋል? የፍሎሲን ስም ብጠራ ነገሩ ይገለጥ ነበር፤ እሷም ግን እንጀራዋ ነው፣ አልጠራሁም። ሙጥኝ ስልበት በመጨረሻ፣ ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ እወጋታለሁ፣ ካልጮኸች ግን ዓይኗን እንዳላይ አለ።

ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቼ አለማመድኳት። ቀስ አድርጌ ወጋ እያደረግሁ "ውይ በይ" እላታለሁ። እሷ ደግሞ ሰው ሰላም እንደምትል ሁሉ "ውይ" ትለኛለች፤ ያውም እየሳቀች። ደጋግመን ደጋግመን የግልገል ድምፅ የሚመስል ነገር ወጣላት። ይበቃል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

በማግስቱ ሁሉም ተሰብስበው ቆሙ። ሲኞር ተንበረከከ። ስፒሉ ገና ታይቱን ሳይነካ ኬዚያ ባላት አቅም "ውይ!" ብላ ጮኸች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቫዮሊን መቺው እንኳ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ሲኞር ተነሣና ወደ እኛ ዞሮ ንግግር ጀመረ። ሱፍ ይቅር ይባላል፣ ውሸት ግን ጥበብን ያረክሳል አለ። ይህች ልጅ ዛሬውኑ ዕቃዋን ትሰብስብ አለ። እኔ ኬዚያን ነበር የማየው፤ ፊቷ ላይ ያ ፈገግታ እንደተሰቀለ ነው፣ ከንፈሯ ግን አመድ መስሏል።

ያን ጊዜ ስፒሉን ከእጁ ወሰደች። ነጠቀች አይባልም፤ ቀስ ብላ ነው የወሰደችው። መጋረጃ ሊወርድ ሲል ለተመልካች እንደሚደረገው ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና ባቱ ላይ ሰካችው። ሲኞር ለልምምድም ቢሆን የጥንቱን አጭር ሱሪና ነጭ የሐር ካልሲ ነው የሚለብሰው፤ በባቱ የሚቀኑ ጎረምሶች ነበሩ።

ስፒሉ ግማሽ ድረስ ገባ። እሱ ንግግሩን ቀጠለ። ስለ ሚላን ተናገረ፣ ስለ ክብር ተናገረ። ልጆቹ አንድ በአንድ አዩት፤ ሳቁም ቀስ በቀስ ሞተ። ሁሉም ለእንጀራው ፈርቷል። ሲኞር ዝምታው ሲከብደው ዓይናችንን ተከትሎ ወደ ታች አየ።

ያ ባት የማን ሥራ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የእኔ አይደለም፤ አሠራሩ ግን ግሩም ነበር።

ጎንበስ ብሎ ስፒሉን ነቀለና ኮቱ ላይ ሰካው። ኬዚያን አላያትም።

"አንቺ ከፊት ቁሚ" አለ። "ሙዚቃ!"

ኬዚያ እስከ ምሳ ሰዓት በዚያው እግሯ ተወዛወዘች። አንድ ጊዜም አላነከሰችም። ከዚያ ክፍሌ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እኔ ጨርቅ በሆምጣጤ ነክሬ ቁስሏን ስነካካ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ።

"እትዬ" አለችኝ፣ "ያማል። ከትናንት ጀምሮ እኮ ነው የሚያመኝ።"

አፏ መሳቅ ትቶ ነበር። ጩኺ፣ ማንም አይሰማሽም አልኳት። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁና እሷ አልቅሳ እስክትጨርስ የሌላ ልጅ ታይት እየሰፋሁ ጠበቅኳት።