ማደግ ያላቆመ አጥንት

በኅዳር 2002 ዓ.ም.፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ አል ዱሃይል በሚባለው የዓረብ አገር ሰፈር ባለው ቪላ ሳሎን ውስጥ አሠሪያችን ባባ፣ ልጃቸው ኻሊድ፣ ምግብ አብሳይዋ ፅጌ፣ ሞግዚቷ ሲፈንና ሾፌሩ እኔ ነበርን።

ኻሊድ የከፈተው ፕሮግራም የሁለት ዳይኖሰሮችን ራስ ቅል አሳየ። ትንሹ ቀንዳም፣ ትልቁ ጉልላታም ነው። ሊቃውንት ለየብቻ ስም ሰጥተዋቸው ነበር። በኋላ ግን አጥንቱን ቆርጠው ሲያዩ የትንሹ ገና እያደገ ነበር። አሁን ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ትንሹ ጨቅላው ነው ይላሉ።

«ባባ፣ አጥንት ዕድሜ ይናገራል?» አለ ኻሊድ።

«የሰውም ይናገራል። ሐኪም በራጅ ያየዋል።»

ሲፈን አንገቷን ደፋች። ከአገር ቤት የላካት ደላላ ፓስፖርቷ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት አስጽፎላት እንጂ ገና አሥራ ስድስቷ ነው። ይህን የምናውቀው ፅጌና እኔ ብቻ ነን። ከታወቀ ትባረራለች።

ፅጌ ከባባ ፊት ልታርቃት ብላ «ሲፉዬ፣ ተነሺ ሻይ አምጪ» አለቻት። ተሳሳተች። ሲፈን ስትቆም፣ መጀመሪያ ስትቀጠር መሬት ይጠርግ የነበረው የሥራ ቀሚሷ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀረ። ባባ ቀሚሱን አዩት።

«እጥበት ነው ያሳጠረው፣ ባባ» አለች ፅጌ ቶሎ ብላ።

«አይደለም፣ እሷ ረዝማ ነው» አለ ኻሊድ፣ በሞግዚቱ እየኮራ። «አምና የላይኛው መደርደሪያ ላይ አትደርስም ነበር።»

ባባ ቴሌቪዥኑን አጠፉና «ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ትወስዳታለህ» አሉኝ።

ወሰድኳት። ራጅ ተነሳች፤ በሳምንቱ ወደ አገሯ ተላከች።