እንቁላል እንደ ጫነ ሰው

ይህ ነገር ለሰማም ላልሰማም ይነገር፦ በዚያ ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ አንድ ሹፌር አውቶቡሱን አጠበ። ጣራውን አጠበ፣ ጎማዎቹን አጠበ፣ የመቀመጫዎቹን አቧራ አራገፈ፣ መስታወቱን በአሮጌ ጋዜጣ ወለወለ። ጋዜጣው የድል ዜና የያዘ ነበር። ድል መስታወት እንደሚያጠራ ሹፌሩ ያወቀው ያን ቀን ነው።

አውቶቡስ ቢታጠብ ምን ይገርማል የሚል አይጠፋም። የሚገርመውስ አጣቢው ነው። ይህን ሰው በጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «እንቁላሉ» ነው የሚሉት፣ እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ስለሚነዳ። ጉድጓድ ሲያጋጥመው ወርዶ ይቅርታ ሊጠይቀው ምንም አይቀረው ይሉታል። ይኸው ሰው ባለፈው ሰሞን ስለ ጦርነቱ ስብሰባ ተጠርቶ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው መዳፉ እስኪቀላ ሲያጨበጭብ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ «እኔ ይሄን ጦርነት አልደግፍም» ብሎ ተናገረ። ጮክ ብሎ እንኳን አልነበረም። ግን ጭብጨባው ጋብ ባለበት ሰዓት ስለነበር ሁሉም ሰማው። ከዚያ ወዲህ ሻይ ሲጠጣ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ታዲያ አዲስ ምልምሎችን ጦር ሰፈር የሚያደርስ ሹፌር ሲፈለግ ጉድ ታየ። ያጨበጨበው ሁሉ ታመመ። በስብሰባው ላይ ከሁሉ ልቆ ይጮህ የነበረው፣ «ጥሩንባው» የሚባለው ሹፌር፣ ወገቤን ብሎ ተኛ። አንዱ ዓይኑ ደፈረሰ። ሌላው አማቱ በጠና ታመሙበት፤ ሚስት እንዳላገባ ያስታወሰው ሰው አልነበረም።

ስምሪት ኃላፊው እንቁላሉን አስጠራው።

«እምቢ እንደምትል አውቃለሁ» አለው፣ እምቢ ቢባል ደስ እንደሚለው ሰው።

«እምቢ ካልኩ በምን ይሄዳሉ?»

«በአሸዋ መኪናው።»

የአሸዋ መኪናው ፍሬን ከተበላሸ ቆይቷል። ቁልቁለት የሚወርደው በፈጣሪ ቸርነት ነው።

«እወስዳቸዋለሁ» አለ እንቁላሉ።

«ቆይ፣ አንተ ሰውዬ የማን ወገን ነህ? ጦርነቱን ትቃወማለህ፣ ደግሞ ወታደር ትጭናለህ?»

«የጠላሁት ጦርነቱን ነው። ልጆቹማ ምን አደረጉኝ?»

ኃላፊው ይህን መልስ የት እንደሚያስቀምጠው ስለቸገረው ቁልፉን ወረወረለት።

ኃላፊው ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ከምልምሎቹ አንዱ የሹፌሩ የእህት ልጅ ነው። ዘመድ ዘመዱን እንዳያደርስ ደግሞ ትእዛዝ አለ፤ ከታወቀ ልጆቹ ወደ አሸዋ መኪናው፣ እሱ ወደ እስር ቤት።

በጉዞው ዋዜማ ምሽት እህቱ ቤት ሲሄድ የልጇን ሸሚዝ ስታጥፍ አገኛት። ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች።

«አንተ ነህ አሉ የምትወስደው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው ቢወስደው ሌላውን እረግም ነበር። አንተን ምን ብዬ ልርገምህ?»

ልጁ ከጓዳ ሆኖ «ተይው እማዬ፣ አጎቴ ከነዳውማ እኔ እስክደርስ ጦርነቱ ያልቃል!» አለ። ሦስቱም ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ማንም የማንንም ፊት አላየም።

ቀልዱ ግን ከሹፌሩ ልብ አልወጣም። ከተማው ውስጥ የሚወራ ወሬ ነበር፦ ከቀትር በፊት ጦር ሰፈሩ የደረሱ ምልምሎች በዚያው ቀን በወታደር መኪና ወደ ግንባር ይጫናሉ፤ መኪኖቹ ያመለጧቸው ግን ለሥልጠና ወራት ይቆያሉ። ወራት! በወራት ውስጥ ስንት ነገር ይለወጣል። ጦርነትም እኮ ይደክመዋል። እንግዲህ ሹፌሩ ሕይወቱን ሙሉ ሲሰደብበት የኖረውን አነዳድ የሚፈልግበት ቀን መጣ።

ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ እየዘፈኑ በታጠበው አውቶቡስ ተሳፈሩ። የእህቱ ልጅ በአጠገቡ ሲያልፍ «እንደምን አደሩ፣ ሹፌር» አለው እንደ ባዳ። «ደህና፤ ግባ፣ መንገድ አትዝጋ» አለው አጎቱ፣ ከባዳም በባሰ ድምፅ። አጃቢው ሃምሳ አለቃ ከፊት ተቀመጠ፤ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ፣ ፊቱን እንደ ተቆለፈ ሱቅ አድርጎ። ኃላፊው መስኮቱ ሥር ቆሞ በጆሮው የሆነ ነገር ሹክ አለው። ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀና ዓይኑን ሹፌሩ ላይ ተከለ።

ጉዞ ተጀመረ፤ ጉዞ ከተባለ። ከብት ሲያቋርጥ ቆመ፤ እስከ መጨረሻዋ ጥጃ አሳለፈ። ጥጃዋ ሐሳቧን ለውጣ ስትመለስም ጠበቃት። ውሃ የተጠማ ካለ ብሎ ቆመ፤ በጄሪካን ጭኖት የመጣውን ውሃ አንድ በአንድ አስጠጣቸው። ጎማ ልይ ብሎ ቆመ። በቆመ ቁጥር ጀርባውን ያልበዋል፤ የሃምሳ አለቃው ዓይን እንደ ትንኝ አንገቱ ላይ ያርፍበታል።

ከኋላ አንዱ ቀልደኛ «ጋሼ! ወታደር ነው እኮ የጫኑት፣ እንቁላል አይደለም!» ብሎ ጮኸ።

«እስቲ ልዩነቱን ንገረኝ» አለ ሹፌሩ።

ሊለው አልፈለገም፤ አምልጦት ነው። ሳቁ ተቋረጠ። ሃምሳ አለቃው ዘወር አለ። የእህቱ ልጅ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ዘፈን አወጣ፤ ከድምፁ በላይ የሆነ ዘፈን። ልጆቹ ተቀበሉት።

ከፊት ለፊታቸው ሸራ የለበሱ መኪኖች ተከታትለው መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው መኪና ሹፌር የፊት መብራቱን ብልጭ አደረገ። ደገመው። ሠለሰው። የሁለተኛውም እንዲሁ፣ የሦስተኛውም። ሹፌሮች በመብራት ያወራሉ፤ አንዴ ብልጭ ካለ ሰላምታ ነው፤ ደጋግሞ ካለ ግን፣ ከፊትህ ክፉ ነገር አለ፣ ካልቸገረህ ተመለስ ማለት ነው። መኪኖቹ ሲያልፉ ከሸራው ሥር አንድ የተጠቀለለ እግር ታየ፤ ጫማ የለውም።

«ምን እያሉን ነው?» አለ ቀልደኛው፣ አሁን በቀጭን ድምፅ።

የመለሰው የእህቱ ልጅ ነው፤ በአጎቱ ጋቢና ውስጥ ያደገ፣ የመብራቱን ቋንቋ ከፊደል በፊት የተማረ ልጅ።

«ሰላምታ ነው» አለ። «ጀግኖች መጡ እያሉ ነው።»

ሹፌሩ መሪውን ጨብጦ ወደ ፊት ብቻ አየ።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሞቀ። ማለትም እንቁላሉ ሞቀ አለ።

«ሜዳ ላይ ሞተር ይሞቃል እንዴ፣ አንተ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«አርጅቷል። ደም ብዛትም አለበት።»

ወርደው ክዳኑን ከፈቱ። ሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን አንግቶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፤ አላነሳውም። በእውነት የሞቀ ሞተር ቢሆን ቆዳው ተልጦ ይቀር ነበር። ሹፌሩ እስር ቤቱ ምን ዓይነት መስኮት ይኖረው ይሆን ብሎ ማሰብ ጀመረ። ሰውየው እጁን አንስቶ በሱሪው ጠረገ፤ ወደ መጡበት መንገድ አየ፣ ወደሚሄዱበትም አየ።

«እስኪበርድልዎ እንጠብቃለን» አለና ሲጋራ አቀጣጠለ።

አንቱ ያለው ለምን እንደሆነ ሹፌሩ አልገባውም። ሰው ከመታሰሩ በፊት ይከበር እንደሆነም አያውቅም።

ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል የጦር ሰፈሩ ግድግዳ ታየ። ሹፌሩ ልቡ እንደ አሮጌ ሞተር ይንኳኳ ጀመር። ቀትር አልፏል፤ ካለፈም ቆይቷል። ግቢው ባዶ ይሆናል፣ ልጆቹ ይወርዳሉ፣ ለሥልጠና ይቆያሉ፣ እሱም ለእህቱ «ገና እዚያው ነው» ይላታል። ዘበኛው የግቢውን በር ከፈተላቸው። አውቶቡሱ ገባ።

መኪኖቹ ግቢው ውስጥ ተደርድረው ቆመው ነበር፤ ሞተራቸው እንደበራ፣ የኋላ መዝጊያቸው እንደ ተከፈተ።

«ምነው ዘገያችሁ!» አለ ከታች አንድ መኮንን። «እናንተን ስንጠብቅ ዋልን እኮ!»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላልነበረ የበሩን መክፈቻ ተጫነ። በሩ ተንፍሶ ተከፈተ፤ የናፍጣ ጭስ ገባ። ዘፈኑ መሃል ላይ ቆመ፤ ማን መጀመሪያ እንደተወው አይታወቅም።

ማንም አልተነሳም። ቀልደኛው ሻንጣውን ደረቱ ላይ አቅፎ ወለሉን ያያል። ሃምሳ አለቃው «ውረዱ» ማለት የሱ ሥራ ነው፤ እሱ ግን በመስኮቱ የተደረደሩትን መኪኖች ያያል።

«አጎቴ» አለ የእህቱ ልጅ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው። ግን ሁሉም ሰማው። ሹፌሩ ዞረ፤ እንደ ባዳ መሆን አቃተው፤ ከወንበሩ ተነስቶ መሄጃ እንዳጣ ሰው መተላለፊያው ላይ ቆመ። ሃምሳ አለቃው ልጁን አየው፣ ቀጥሎ ሹፌሩን አየው። ከዚያ ጠመንጃውን ወንበሩ ላይ አስተኛ፣ በሹፌሩ ጎን እጁን አሳልፎ የበሩን መክፈቻ ተጫነና በሩን መልሶ ዘጋው። «እስኪበርድልዎ እንጠብቃለን» አለ።