በበቅሎ ግንባር ላይ ያለ ንጉሥ

እኔ ሳንቲም እሰበስባለሁ። ደባርቅ ውስጥ ይህን ለሰው ስናገር የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «እኛስ ምን የምናደርግ መስሎህ ነው?» የኔዎቹ ምንም የማይገዛባቸው መሆናቸውን ሳስረዳ ደግሞ ሰዎች ለታማሚ የሚያሳዩትን ርኅራኄ ያሳዩኛል።

ስብስቤ ብዙ አይደለም። ገበሬ በበሬዎቹ የሚያርስባት አንድ ሳንቲም አለችኝ። ደጋ አጋዘን የተቀረጸባት አሥር ሳንቲምም አለች፤ ዋልያ በደጃችን እያለ እንዴት አጋዘን ይቀረጻል ብለው እስከ ዛሬ ያኮረፉ የፓርክ ስካውቶች አውቃለሁ። ሪዛም የጣልያን ንጉሥ ያለበት ሊሬ አለኝ። ዳባት የምትኖረው እናቴ ከአንገቷ ፈትታ ያዋሰችኝ ጠገራ ብርም አለ፤ በዓል በደረሰ ቁጥር ትወስደዋለች፣ በዓሉ ሲያልፍ እያመነታች ትመልሰዋለች።

የምመኘው ግን የአክሱም ዘመን ሳንቲም ነበር። የታሪክ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ከጥምቀት በኋላ ዐውደ ርእይ ሊያሳይ ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ እኔም «የአክሱም ዘመን ሳንቲም፤ በእጅ አይንኩ» የሚል ጽሑፍ አትሜ ጠረጴዛው ላይ ለጥፌያለሁ። ከጽሑፉ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ልጅ ሳይወልድ ክርስትና የሚደግስ ሰው አለ ቢባል አላምንም ነበር፤ እኔው ደገስሁ።

ንጉሡን ያገኘሁት በቅሎ ግንባር ላይ ነው። ደባርቅ ላይ ወደ ፓርኩ ለሚወጡ እንግዶች ጭነት የሚጭኑ በቅሎዎች የሚቆሙበት ሜዳ አለ። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ አንዲት ዳማ በቅሎ ራሷን ነቀነቀች፣ ግንባሯ ላይ ካለችው ምላስ የሌላት ትንሽ ቃጭል ጎን አንድ አረንጓዴ ነገር ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ። ቀረብ ብዬ አየሁ። የሰው ራስ፤ ጨርቅ በተጠመጠመበት ጭንቅላት ግራና ቀኝ እንደ ቅስት የጎበጡ ሁለት የእህል ዛላዎች። የአክሱም ንጉሥ ነው።

«ምን ታፈጣለህ አንተ ልጅ?» አሉ ባለቤቷ ጋሼ እንዳለው። «በቅሎ አይተህ አታውቅም?»

«በቅሎዋን አይደለም ጋሼ። ግንባሯ ላይ ያለውን ነው የማየው።»

«እሱማ የተንጠለጠለው እንዳንተ ለሚያፈጥ ነው።»

በዙሪያው ያሉት በቅሎ ነጂዎች ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያ በኩል መዞር ጀመርሁ። በስሜን የሰው ከብት ላይ ዓይን መጣል ምን እንደሚያስብል ማንም ያውቃል። የዳማን ግንባር አዘውትሬ ከማየቴ የተነሣ አንዳንድ ነጂ እኔ ስመጣ በቅሎውን አዙሮ ጀርባዋን ይሰጠኝ ነበር።

ጋሼ እንዳለው ግን እየለመዱኝ መጡ። ሳንቲሙን አባታቸው ገብስ ጭነው ወደ ተከዜ ማዶ እየወረዱ፣ ጨው ጭነው በሚመለሱበት ዘመን ከዚያው ገበያ ያመጡት ነው። ለቡዳ መከላከያ ይሁን ብለው በሚስማር በሱት። ሚስማሩ ያረፈው ልክ የንጉሡ ስም በተጻፈበት ላይ ነው።

«ስሙን እኮ ነው የበሱት!» አልሁ አንድ ቀን፣ ልቅሶ በሚመስል ድምፅ።

«እና ፊቱን ይብሱት?»



በዛላዎቹ ላይም ተከራከርን። እኔ የዳባት ልጅ ስለሆንሁ ስንዴ ነው አልሁ። እሳቸው ገብስ ነው አሉ። የበቅሎዎቹ ተራ አስከባሪ ሻረው ሳይጠራ መጥቶ፣ «ገብስ ነው እንጂ! ንጉሥ የዳባት ሰው ይመስል ስንዴ በጆሮው ይሰካል?» አለ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ዛላው በጣም ትንሽ ነው፤ መጻሕፍቱም ቢሆኑ በአንድ ቃል አይናገሩም። ይህን ስል ሻረው፣ «ተሸነፈ» ብሎ ለሌሎቹ አወጀ።

ልግዛው አላልሁም። እንዲህ ያለ ቅርስ አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ይህን ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። የለመንሁት ለዐውደ ርእዩ ብቻ እንዲያውሱኝ ነው። በየእርምጃዋ ከቃጭሉ ጋር እየተጋጨ ፊቱ እያለቀ መሆኑን ደጋግሜ አስረዳኋቸው። «አንድ ሺህ ዓመት ያለፈውን ንጉሥ በየቀኑ ከናስ ጋር እያጋጩት ነው» አልኋቸው። ይህን ንግግሬን በኋላ ስለምፈልገው ልብ ይባልልኝ።

በመጨረሻ እሺ አሉ፤ እሺ ያሉትም ተራቸው ሩቅ ስለ ነበረ ነው። በዚያ ሜዳ ሥራ የሚገኘው በተራ ነው። ተራው ደርሶ በቅሎው ያልወጣ ሰው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል፤ እንግዳ እንደ ድሮው በማይመጣበት በዚህ ጊዜ ደግሞ መጨረሻ ማለት የሚቀጥለው ዓመት ማለት ሊሆን ይችላል። ጋሼ እንዳለው ከመስከረም ጀምሮ ይጠብቃሉ፤ ዳማ ቆማ እየበላች ነው።

«ተራዬ ገና ነው፤ ውሰድና ጽሕፈቱን አስነብበው» አሉ። «ምን እንደሚል አባቴም ሳያውቁ ሞቱ። ግንባሯ ግን ባዶ አይደር።»

አንበሳ ያለበትን የአንድ ብር ሳንቲም በምትኩ ሰጠሁ። አገላብጠው አይተው፣ «አንበሳም ያስፈራል፤ ደህና ነው» አሉ። ገንዘብ መብሳት ነውር ነው ብዬ በቁራጭ ቆዳ ጠቅልዬ ሰፋሁላት። ንጉሡ የታሰረበት አሮጌ ጠፍር ቋጠሮ አልፈታ ቢለኝ በምላጭ ቆረጥሁት። ቅርስ ጥበቃ እንዲህ ነው የጀመርሁት።

ቤቴ ወስጄ ዘይት ውስጥ ነከርሁት። የቆሸሸ አሮጌ ሳንቲም በወይራ ዘይት ይዘፈዘፋል የሚል ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ነበር። ደባርቅ ውስጥ የወይራ ዘይት ስላላገኘሁ በኑግ ዘይት ተካሁት፤ ንጉሡ ከነጥምጥሙ ብርጭቆ ውስጥ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ሕሊና ደወለች። ሕሊና አስጎብኚ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬም ናት።

«ዓለምብርሃን፣ የት ነህ?»

«ቤት። ምነው?»

«ያልታሰበ ትልቅ ቡድን መጥቶ ተራው ጋሼ እንዳለው ላይ ደረሰ። በቅሎዋ ግን ከሜዳው መውጫ ያለው ድልድይ ጋ ቆማ አልሄድም አለች። ሰውየው ስምህን እየጠሩ ነው።»

«በምን ዓይነት?»

«በመልካም አይደለም።»

ብርጭቆውን ከነዘይቱ ይዤ ሮጥሁ። ሌሎቹ በቅሎዎች ሄደዋል። ዳማ ድንኳን ተጭኖባት ድልድዩ ጫፍ ላይ አራት እግሯን ተክላ ቆማለች። ጋሼ እንዳለው ከፊቷ ሆነው ይጎትታሉ፣ አንድ ሌላ ሰው ከኋላ ይገፋል። ሻረው ስልኩ ላይ ሰዓት ያያል። ከሱ ጎን ቀጣዩ ባለ ተራ ሃብተ ጊዮርጊስ በቅሎውን ይዞ ቆሟል፤ ደስ እንዳላለው ለማሳየት በጣም ይጥራል።

«መጣ» አለ ሻረው። «ብርጭቆ ይዞ ነው የመጣው።»

«ጋሼ፣ ምን ሆነች?» አልሁ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ግንባሯን ገፍፈህ፣ አፍጥጠህ አፍጥጠህ አሁን ምን ሆነች ትለኛለህ? በላሃት!»

የተማረ ሰው ቡዳ በሚባልበት ጊዜ ምን እንደሚል አልተማርሁም። ሳንቲሙን ከዘይቱ አወጣሁና የጫማዬን ክር ፈትቼ ግንባሯ ላይ አሰርሁላት። ንጉሡ በዘይቱ ፀጉሯ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ዳማ አልተንቀሳቀሰችም። አንድ ጫማዬ ግን ከእግሬ መውለቅ ጀመረ።

«እንግዲህ ጭነቱ ይዛወር» አለ ሻረው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕጉ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታዎን። እንግዶቹ ማታ የሚተኙበት ድንኳን ነው።»

ጋሼ እንዳለው የጭነቱን ገመድ ለመፍታት እጃቸውን ሰደዱ። ከመስከረም ጀምሮ የጠበቁትን ገመድ በኔ ምክንያት ሊፈቱት ነው። ተጣድፌ ሳንቲሙን እንደገና ላስተካክል ስል ከዘይቱ የተነሣ ከጣቴ አምልጦ ቃጭሉን መታው።

ጭል አለ።

የዳማ ጆሮዎች ሁለቱም ወደ ፊት ዞሩ።

ሳንቲሙን አንሥቼ ቃጭሉን ቀስ ብዬ መታሁ። አንድ እግሯን አነሣች። ደገምሁ፤ ሌላውን አነሣች። ተውሁት፤ ቆመች። በኔ ቆዳ የታፈነው አንበሳ ድምፅ አልነበረውም። ባለ ድምፁ ንጉሥ ደግሞ የኑግ ዘይት ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ቃጭሉን ፈትቼ በግራ እጄ፣ ሳንቲሙን በቀኝ እጄ ያዝሁ። ጭል፣ ጭል እያደረግሁ ከፊቷ ወደ ኋላ ሄድሁ። ዳማ ድልድዩን ተሻገረች።

«እስከ ሳንቃ በር ማደሪያ እንዲህ ልትሄድ ነው?» አለ ሻረው።

ጋሼ እንዳለውን አየኋቸው። ሊፈቱት የነበረውን ገመድ መልሰው አጠበቁት።

«እሄዳለሁ» አልሁ።

እንዲህ አድርጌ ነው ወደ ስሜን ተራራ የወጣሁት። አንድ ሺህ ዓመት ያለፈውን ንጉሥ ከናስ ጋር በገዛ እጄ እያጋጨሁ። በዚያች ቀን ያጋጨሁትን ያህል ዳማ በአንድ ዓመት አታጋጨውም። ላርፍ ስል ትቆማለች፤ እጄን ልቀይር ስል ትቆማለች፤ አንዴ ላስነጥስ ቆሜ እሷም ቆማ ጠበቀችኝ።

መንገድ ላይ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት አገኘን። ቆመው በሐዘኔታ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ስለት ነው?»

ማስረዳት ስለ ከበደኝ፣ «አዎ እናቴ» አልሁ።

«ይቀበልህ። ጫማህን ግን እሰር።»

ቡይት ራስ ላይ እንግዶቹን ደረስንባቸው። ለምሳ ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው ተነሡ። በስንት አገር ሰው ስልክ ውስጥ ከአንዲት በቅሎ ፊት ቃጭል እየመታሁ እንደምታይ አላውቅም። ሕሊና በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ነገረቻቸው። ጭንቅላታቸውን በአክብሮት ነቀነቁልኝ።

«ምን አልሻቸው?»

«በዚህ አገር በቅሎ ባለ ዲግሪ ሰው ከፊቷ ካልሄደ አትንቀሳቀስም አልኋቸው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳንቃ በር ገባን። አንድ ስካውት ከጠመንጃው ማንገቻ የተረፈ ጠፍር ሰጠን፤ ጋሼ እንዳለው ሳንቲሙን ራሳቸው አሰሩት። ማንም በምላጭ ካልሆነ በማይፈታው ዓይነት ቋጠሮ አሰሩትና እኔን አዩኝ።

«አየህ፣ ቡዳ ነበር» አሉ።

«ድምፁ ነው ጋሼ። የለመደችው ድምፅ ሲጠፋባት ነው።»

«እሺ ድምፁ ይሁን። ድምፁን የወሰደው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያ ምን ያጨቃጭቀናል?» አሉና ከስንቃቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። የታረቅን መሰለኝ።

የዐውደ ርእዩ ዕለት ጽሑፌን ከጠረጴዛው ልልጥ ስሞክር ከግቢው በር ጭል ጭል የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ እንዳለው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ዳማን እየሳቡ ገቡ።

«ውሰት ብዬሃለሁ፤ ቃሌን አልበላም» አሉ። «ከግንባሯ ግን አይወርድም። ሰው መጥቶ ይየው።»

ጠረጴዛውን ወደ ሜዳው አወጣን። ተማሪዎች ተሰልፈው እየቀረቡ የዳማን ግንባር አዩ፤ አልከለከልኋቸውም። የዛላውን ክርክር ሕዝቡ እንዲፈርድ ብዬ አንድ ጭብጥ የደባርቅ ገብስና አንድ ጭብጥ የዳባት ስንዴ ከነዛላቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር። ዳማ አንገቷን ዘረጋች፤ ገብሱን በላች። ሻረው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሲጮህ ስንዴውንም በላች። ከዚያ «በእጅ አይንኩ» የሚለውን ጽሑፍ ማኘክ ጀመረች። ሕጉን አክብራለች፤ በእጅ አልነካችውም።

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ከሳቁት ውስጥ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና ጋሼ እንዳለው አሉበት። ጋሼ እንዳለው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ጽሕፈቱን አስነበብኸው?»

ረስቼው ነበር። የኑግ ዘይቱ አንድ ነገር ሠርቷል፤ በጀርባው ካለው መስቀል ዙሪያ ያለውን አፈር አስለቅቆ ፊደሎቹን አውጥቷቸዋል። የንጉሡን ስም ሚስማሩ በልቶታል፣ በጀርባው ግን የጠፋው ጥቂት ነው። ፊደሉ የግሪክ ነው፤ እንዲህ ባሉ ሳንቲሞች ላይ የተለመደ ቃል ስለሆነ ቀሪውን ከመጻሕፍት ሞላሁት።

«ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ ይላል ጋሼ።»

የሚስቁትን ተማሪዎች አዩ፤ ወረቀት የምታኝከውን ዳማ አዩ፤ በመጨረሻ እኔን ከራሴ እስከ ጫማዬ ክር አዩኝ።

«አሰኝቷል» አሉ።